ከቡሌ የተረፈው የዶሮ ነው

ንጋት 11 ሰዓት ላይ የመርካቶው አውቶቡስ ተራ ከብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር ቀድሞ ነቅቷል። ረዳቶች የሚሄዱበትን አገር እየጠሩ ይጮሃሉ፤ ተሸካሚዎች ሻንጣና ማዳበሪያ ይሰቅላሉ፤ በመናኸሪያው ዙሪያ የተደረደሩት ምግብ ቤቶች ምድጃቸው ከጋለ ቆይቷል። መንገደኛ ችኩል ነው። ሻይና ፍርፍር ያዛል፤ ሦስት አራት ጊዜ ይጎርሳል፤ «ሞልቷል፣ ሊንቀሳቀስ ነው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ይሮጣል። አስተናጋጇ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሳህኑ ላይ የቀረው ነው።

ጓዳው በር ላይ አንድ ባልዲ አለ። ሁሉም ነገር እዚያ ይገለበጣል፦ የፍርፍሩ ቅሪት፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የተጋጠ አጥንት፣ የእንቁላል ልጣጭ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ ስቴኪኒ፣ ሶፍት፣ አንዳንዴም የለስላሳ ቆርኪ። ባልዲው ሲሞላ ወደ በርሜል ይገለበጣል። በርሜሉ ሲሞላ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው።

ከፈላጊዎቹ አንዱ ዶሮ የሚያረባ ሰው ነው። አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም የታጠበ ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል። በከተማው የጓሮና የበረንዳ እርባታ ከተበረታታ ወዲህ፣ በተለይ «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ በኋላ፣ 12 ወይም 24 ዶሮ የሚይዝ ኬጅ በየግቢው ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በመሳለሚያና በሰባተኛ ጀርባ ባሉ ጠባብ ግቢዎች ሳይቀር ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ኬጅ ቆሞ ታያላችሁ። ኬጁን መግዛት የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። የሚያስጨንቀው መኖው ነው። ከእንቁላል እርባታ ወጪ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶው ለመኖ የሚሄድ ስለሆነ፣ የበቆሎና የፋጉሎ ዋጋ አንድ ጊዜ ዘለል ባለ ቁጥር አርቢው ዓይኑን ወደ ሆቴል ጓዳ ይጥላል። ሐሳቡም ቀላል ይመስላል፦ ሆቴሉ ይጥላል፣ ዶሮዋ ትበላለች፣ እንቁላሉ ተመልሶ ሆቴል ይገባል።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ከዶሮ አርቢው ፊት ሌላ ሰው ቆሟል።

የሆቴል ትርፍራፊ በዚህ ሰፈር ቡሌ ይባላል። ምግብ ቤቶች ለሠራተኛ ይሰጡታል ወይም በርካሽ ይሸጡታል። የወሰደው ሰው አጥንቱንና ሶፍቱን ለቅሞ፣ አሙቆ፣ በሳህን ወይም በፌስታል ለሌላው ይቸረችረዋል። ገዢዎቹ ጎዳና የሚያድሩ ልጆች፣ ከክፍለ ሀገር መጥተው ሥራ ያላገኙ ወጣቶች፣ ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያወርዱ ውለው የምግብ ቤት ዋጋ የማይችሉ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ መጀመሪያ የረገጡት መሬት ይኸው መናኸሪያ ነው። አሁን የክፍለ ሀገር መስመሮች ወደ ላምበረት፣ ወደ አስኮ፣ ወደ ቃሊቲና ወደ አየር ጤና መናኸሪያዎች ተከፋፍለዋል፤ ሆኖም አውቶቡስ ተራ የለመደው ሕዝብ፣ የለመደው ምግብ ቤትና የለመደው ቡሌ አልተበተነም። ከተማው በከፈታቸው «ተስፋ ብርሃን» የምገባ ማዕከላት በነፃ የሚመገቡ ሰዎች አሉ፤ የቡሌ ገበያ ግን ዛሬም አልተዘጋም።

ስለ ምግብ ብክነት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን ሰልፍ አያየውም። በአውሮፓ ከተሞች የሆቴል ትርፍራፊ ለእንስሳት ይዋል ወይስ ይቃጠል ብለው ሲከራከሩ፣ ክርክሩ ውስጥ የሚበላው ሰው የለም። እዚህ አለ። ስለዚህ የእኔ አቋም ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን፦ ሰው ሊበላው የሚችል ምግብ ወደ ዶሮ መሄድ የለበትም። ሰው እንዳይበላው የሚያደርግ ሻጋታ ወይም ብልሽት ያለበትም እንዲሁ። ለዶሮ የሚተርፈው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ እሱም ከሚታሰበው በላይ ጠባብ፣ ከሚታሰበው በላይ ደግሞ ጠቃሚ ነው።

ጓዳው ውስጥ ይህን ቅደም ተከተል ያለ አዋጅ የሚያስጠብቁ ሴቶች አሉ። «እትዬ፣ ዛሬ ደረቅ እንጀራ አለ?» ይላል ጀሪካን የያዘው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ቡሌው ይውጣ» ይባላል። ይቆማል። ማንም አይከራከርም።

በመካከል ያለው ምንድን ነው? ማሟሻ አንዱ ነው። ለምግብ ቤቶች እንጀራ የሚያቀርቡ ጋጋሪዎች ምጣዱ እስኪሞቅ የሚያወጡት የመጀመሪያው እንጀራ፣ ዓይን ያላወጣው፣ የተቀደደውና ጠርዙ የደረቀው ገበያ አይወጣም። ወጥ አልነካውም፤ ጨው የለውም፤ ከሰው አፍ አልተመለሰም። የከረመ ዳቦ ሌላው ነው፤ ዳቦ ቤቶች በየማታው ያልተሸጠ ያድርባቸዋል። የጎመንና የቆስጣ ውጫዊ ቅጠል፣ የካሮት አናትም አለ። ከዚያ ደግሞ እህል በረንዳ ቅርብ ነው። ጤፍና ስንዴ፣ ምስርና አተር ሲበጠር የሚወጣው ግርድ፣ የተሰበረው ፍሬ፣ ከማዳበሪያ አፍ የፈሰሰው ጥራጊ እዚያ አለ። ይህ ደግሞ ለዶሮ ከሁሉ ይጥማታል፤ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የተባለው በከንቱ አይደለም። እንጀራና ጥሬ ቀላቅሎ የሰጠ ሰው ልብ ብሎ ቢያይ፣ መጀመሪያ ጥሬዋን አንድ በአንድ ለቅማ ጨርሳ ነው ወደ እንጀራው የምትመለሰው። አንዳንዷም እንጀራውን በእግሯ በትና ከሥሩ ጥሬ ትፈልጋለች። በዚህ ምክንያት ነው የተቀላቀለ መኖ ተፈጭቶ የሚሰጠው፤ ምርጫውን ለዶሮዋ ከተዋችሁላት የምትመርጠው የሚጥማትን እንጂ የሚያስፈልጋትን አይደለም።

የሚያስፈልጋት ስንት ነው? እዚህ ላይ ቁጥሩን ማየት ይገባል፤ ብዙ አርቢ የሚከስረው እዚህ ነውና።

ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን የመሰለች እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። መኖው ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን፣ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። አሁን ይህችን ዶሮ በእንጀራ ብቻ እንመግባት። ትኩስ እንጀራ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ ስለዚህ 110 ግራም ደረቅ ነገር እንድታገኝ 300 ግራም ገደማ እንጀራ መዋጥ አለባት፤ ሆዷም አይችለውም። ቻለችው እንበል። ጤፍ ደርቆ ከ10 እስከ 11 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ በቀን የምታገኘው 12 ግራም ቢሆን ነው፤ የሚያስፈልጋት 18 ገደማ ነው። ጉድለቱ እዚህ ላይ አይከፋም። የሚከፋው ካልሲየሙ ነው። ጤፍ በእህሎች መካከል በካልሲየም የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም 110 ግራም ጤፍ ከ0.2 ግራም አይበልጥም። ዶሮዋ የምትፈልገው 4 ግራም ያህል ነው። ሃያ እጥፍ።

አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብቻውን 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይወስዳል። ከመኖ ያጣችውን ዶሮዋ ከራሷ አጥንት ትበደራለች። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አይታይም፤ እንቁላሉ ይመጣል፣ አርቢውም «በነፃ መኖ እየበሉ ይጥላሉ» ብሎ ለጎረቤት ያወራል። ቀጥሎ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ በእጅ ሲያዝ የሚሰነጠቅ እንቁላል ይበዛል። ከዚያ ቅርፊት አልባ፣ እንደ ፊኛ የለሰለሰ እንቁላል ይወጣል። በመጨረሻ ዶሮዋ መቆም ያቅታታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ሊገዛ ይሮጣል። በሽታ አልገባም፤ ድንጋይ ነው የጎደላት። ኖራ ድንጋይ።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ እዚያው ባልዲ ውስጥ መሆኑ ነው። አውቶቡስ ተራ ጠዋት ጠዋት ስንት እንቁላል ይሰበራል! የእንቁላል ፍርፍር፣ የእንቁላል ሳንድዊች፣ ቅቅል... ቅርፊቱ ከሞላ ጎደል ንጹሕ የካልሲየም ካርቦኔት ነው። ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ በደንብ ተቆልቶ፣ በሙቀጫ እስኪደቅ ከተወቀጠ ከኖራ ድንጋይ አያንስም። መድቀቁ ግዴታ ነው፤ ቅርፊቱን በቅርጹ ያየች ዶሮ የራሷን እንቁላል መብላት ልትለምድ ትችላለች፤ ያን ዐመል ደግሞ ማስተው ከባድ ነው። ቅርፊቱን ግን ከሎሚና ከሶፍት ለይቶ የሚያስቀምጥ ጓዳ ብዙ አይደለም።

«የሀበሻ ዶሮ ጭሮ በልቶ ይጥል የለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይጥላል፤ ስንት? የሀበሻ ዶሮ በገጠር ጭራ እያደረች በዓመት የምትጥለው 40 ገደማ፣ ያውም አነስ ያለ እንቁላል ነው። በኬጅ ያለችዋ በደንብ ከተያዘች የምትጥለው 300 ይጠጋል። ዶ/ር ታደለ ደሴ ከባልደረባቸው ጋር ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ በማዕከላዊው ደጋ ጭረው የሚበሉ ዶሮዎችን ጉሮሮ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ከፍተው ምን እንዳለበት መርምረው ነበር። ያገኙት ዘር፣ ቅጠል፣ ትልና የቤት ትርፍራፊ ለአንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ከሚያስፈልገው በታች መሆኑን አሳይተዋል። ትርፍራፊ ነፍስ ያቆያል። በየቀኑ እንቁላል ማስጣል ሌላ ሥራ ነው።

ስለ በርበሬ አንድ ነገር ልበል፤ ሁሉም ይጠይቃልና። ወጥ የነካው እንጀራ ዶሮዋን አያቃጥላትም? አያቃጥላትም። ወፎች የበርበሬን ማቃጠል የሚሰማው ነርቭ የላቸውም፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር ነርቩ አላቸው፣ በርበሬው ግን አይቀሰቅሰውም። ይህን በ2002 እ.ኤ.አ. በዶሮ ላይ ያረጋገጠው በካሊፎርኒያ የነዴቪድ ጁልየስ ቤተ ሙከራ ነው፤ ጁልየስ በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። እንዲያውም የበርበሬው ቀለም ወደ አስኳሉ ይገባል። «የፈረንጅ እንቁላል አስኳሉ ነጭ ነው፣ የሀበሻ ይሻላል» ብላችሁ ለምታማርሩ፦ የቀለሙ ልዩነት በአብዛኛው የመጣው ከመኖው እንጂ ከዘሩ አይደለም። ለፈረንጇ ዶሮ ቀይ በርበሬና ጎመን ስጧት፤ አስኳሏ ይቀላል።

ችግሩ በርበሬው ሳይሆን ከበርበሬው ጋር የሚመጣው ነው። ጨው አለ። ጨው የበዛባት ዶሮ ውኃ ታበዛለች፣ ኩሷ ይቀጥናል፣ ኬጁ ሥር ይሸታል፣ ዝንብ ይሰፍራል፣ ጎረቤትም ወረዳ ይሄዳል። ቁሌት አለ፤ ሽንኩርት ሲበዛ የዶሮን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ የእንቁላሉንም ጣዕም ያበላሻል። የቡና አተላ አይሰጥም። የጭማቂ ቤት ተረፈ ምርት ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት፤ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ለወፍ መርዝ ነው፤ ልብ ያቆማል። ስፕሪስ የሚሸጥ ቤት ባልዲ ዶሮ ኬጅ አጠገብ መድረስ የለበትም።

አንድ ሌላ አለ፣ ከሁሉ የሚብሰው። ብዙ ምግብ ቤት ዶሮ ከገበያ በሕይወት ገዝቶ ያርዳል። ላባው፣ ደሙ፣ አንጀቱ፣ ያጠቡበት ውኃ ከትርፍራፊው ጋር አንድ በርሜል ይገባል። የታረደችው ዶሮ ፈንግል ይዟት ከነበረ፣ ያ ባልዲ ወደ ግቢያችሁ ያስገባችሁት ፈንግል ነው፤ ፈንግል ደግሞ ገብቶ 24ቱንም ሳይጨርስ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። የዶሮን ሥጋ ለዶሮ መመለስም በራሱ ነውር ያለው ነገር ነው። በሌላው ዓለም ይህን ዓይነቱን መኖ የከለከሉ አገሮች አሉ።

ሌላው ዓለም ስል፣ ትምህርቱን በውድ ዋጋ ነው ያገኘው። በ2001 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የአፍና የእግር በሽታ ተነሣ። ምርመራው ያመራው በሰሜን እንግሊዝ አንድ አሳማ ቤት በደንብ ሳይቀቀል ወደ ተሰጠ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ነበር። በሽታውን ለማቆም ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ። እንግሊዝ የሆቴል ትርፍራፊን በዚያው ዓመት ከለከለች፣ የአውሮፓ ኅብረትም ተከተለ። ጃፓን የሄደችበት መንገድ ግን ተቃራኒ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለ ሕግ የምግብ ድርጅቶች ትርፍራፊያቸውን መልሰው እንዲያውሉት አስገደደች፤ ከዚያ ተለይቶ፣ በሙቀት ታክሞ፣ አንዳንዱም እንደ ሊጥ ተቦክቶ «ኢኮፊድ» በሚል ስም መኖ ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥ የኮልማር አካባቢ ከተሞች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃደኛ ለሆነ ቤተሰብ ሁለት ሁለት ዶሮ ያድላሉ፤ የጓዳ ትርፍራፊው ወደ ቆሻሻ መጣያ እንዳይሄድ።

ለእኛ የሚቀርበው የጃፓኑ ነው ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዙ ክልከላ የሚሠራው መኖ የሚያመርት ፋብሪካ ሞልቶ፣ ተቆጣጣሪም በየበሩ ሲቆም ነው። አውቶቡስ ተራ ላይ ክልከላ ብታውጁ በርሜሉ ከቀን ወደ ማታ ይዞራል እንጂ አይቆምም። የእኛ አገር ሕግ መሠረቱን አስቀምጧል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 መልሶ ሊያገለግል የሚችል ቆሻሻ ከሚጣለው ተለይቶ እንዲቀመጥ አዝዞ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አዋጅ ቁጥር 728 ደግሞ መኖን በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። በሁለቱ አዋጆች መካከል የቀረው ያ በርሜል ብቻ ነው፤ ለአንዱ ቆሻሻ ነው፣ ለሌላው ገና መኖ አልሆነም።

መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ የማያውቅ አዲስ አበቤ ቆሼን ያስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ በረጲ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ትርፍራፊ። እርጥብ ነገር አይነድም፤ ሙቀቱ ውኃውን በማድረቅ ያልቃል። ከጓዳ በር ተለይቶ የወጣ እያንዳንዱ ኪሎ እርጥብ ምግብ ለመኪናውም ለምድጃውም ቅለት ነው።

ይህን ስል ግን ዶሮ ከተማ ታጸዳለች የሚል ተረት ላወራ አይደለም። እንቁጠር፦ 1,000 ዶሮ ያለው ሰው በቀን 115 ኪሎ መኖ ይፈልጋል። አንድ አምስተኛውን ከተረፈ እንጀራና ዳቦ ቢያደርገው 23 ኪሎ ደረቅ ነው፤ እርጥቡ 60 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሰፋ ያለ ሆቴል ብቻውን ይህን ይሞላል። ትርፉ ለአርቢው ነው፤ ለከተማው ቆሻሻ ጠብታ ነው። የቀረውን ማዳበሪያ መሥራትና ትል ማርባት ይውሰደው።

አንድ አምስተኛ ያልኩት በግምት አይደለም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀደም ሲል የቆጠርነው የፕሮቲንና የካልሲየም ጉድለት በሌላ መኖ ለመሙላት ይከብዳል። የቀረው አራት እጅ የተመጣጠነ የእንቁላል ጣይ መኖ ይሁን፤ ራሱ የሚቀላቅል ሰው ደግሞ በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተር፣ ፉርሽካና ኖራ ይጨምር። ጠላ ቤት ጎረቤት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። አተላ ሲደርቅ ፕሮቲኑ ከበቆሎ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ችግሩ እርጥቡ ባንድ ቀን መኮምጠጡና ለመውሰድ የላም አርቢ መቅደሙ ነው። በዚህ ሰፈር ማንም እንስሳ ያለ ተወዳዳሪ አይበላም። የጫት ገረባ የሚጠብቁ በጎች አሉ፤ ገረባ ሲያጡ ካርቶን ሲበሉ ያየ ሰው ይመሰክራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ሻጋታ ነው። እንጀራ ከሦስት አራት ቀን በላይ አይቆይም፤ ቀጥሎ አረንጓዴና ጥቁር ነጥብ ያወጣል። ብዙ ሰው «ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮ ይሁን» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። መቀቀል ባክቴሪያንና የፈንግልን ቫይረስ ይገድላል፤ ሻጋታው የተፋውን አፍላቶክሲን ግን እሳት በቀላሉ አያጠፋውም። የዚህን መዘዝ በወተት አይተነዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ በሁሉም ውስጥ ከአፍላቶክሲን የሚመጣ መርዝ አገኘ፤ ዋናው ምንጭ ላሞቹ የበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ላም የበላችው ወተት ውስጥ ከወጣ፣ ዶሮም ብትሆን ጉበቷ ይጎዳል፣ እንቁላሏ ያንሳል።

መፍትሔው እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ድርቆሽ ነው። እንጀራው በዕለቱ ይቆራረጣል፤ ንጹሕ ሸራ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ በበጋ ፀሐይ በአንድ ሁለት ቀን እጅ ላይ ቃጭ ብሎ የሚሰበር ይሆናል። ከዚያ ወፍጮ ቤት። የመርካቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያሰጣ ሰው ርግብ ይጠብቅ፤ ርግብ የምትጥለው ኩስ የዶሮ በሽታ ያመጣል፤ መረብ ይልበስበት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ሐምሌና ነሐሴ እንጀራ በፀሐይ አደርቃለሁ ያለ ሰው የሚያመርተው ሻጋታ ነው። ምድጃ ዳር ወይም የዳቦ ቤት መጋገሪያ ላይ የማታ ሙቀት የሚያገኝ ካልሆነ በነዚህ ወራት የተገዛ መኖ ይብቃው።

የጾሙ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ምግብ ቤቶች አብዛኛው ገበታቸው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ቲማቲም ፍትፍት ነው። አጥንት የለም፣ ቅቤ የለም፣ የዶሮ ላባና አንጀት የለም። ሽሮውና ምስሩ ከጤፍ ሲቀላቀል ፕሮቲኑም ከፍ ይላል፤ በጥራጥሬው ያለው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል የእህሉን ጉድለት ይሞላል። ለዶሮ ከዚህ የተሻለ ትርፍራፊ በዓመት ውስጥ አይገኝም። ግን እንቁላል የሚገዛው ሰው የሚቀንሰው በዚሁ ጊዜ ነው። ዶሮዋ ረቡዕና ዓርብን አታውቅም፤ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ይከማቻል፣ ዋጋው ይወርዳል። ፋሲካ ሲደርስ ዋጋው ይሰቀላል፤ ባልዲውም በዚያው ቀን በአጥንትና በቅባት ይሞላል። መርካቶ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ገበያ በመሆኑ ጾሙ እንደ ሌላው ቦታ ገበያውን አያደርቀውም፤ ቢሆንም አስተዋይ አርቢ በዓቢይ ጾም ድርቆሽ ያከማቻል እንጂ አዲስ ዶሮ አያስገባም። በጋ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ትርፍራፊው ንጹሕ ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ማሽንም አይደለም። ሳህኑ ጓዳ በር ላይ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ መለየት ነው። አንድ ጊዜ የተቀላቀለ በርሜል ምንም ቢደረግ አይለይም፤ አጥንቱን ለቅማችሁ ጨውን አትለቅሙም፤ ስቴኪኒውን አውጥታችሁ የሳሙናውን ውኃ አታወጡም። ስለዚህ አርቢው ጀሪካን ይዞ ማታ ከሚለምን፣ ጠዋት ሄዶ ከጓዳዋ ሴት ጋር ይነጋገር፤ ለመለየቷም ይክፈላት። በወር ጥቂት እንቁላል ቢሰጣት ከመኖ ቤት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለምግብ ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር እንጠይቅ። ነገ ጠዋት ጓዳችሁ ሦስት መያዣ ይኑረው፦ አንዱ ሰው ሊበላው ለሚችለው፣ ተሸፍኖና ንጹሕ ሆኖ ለሚጠብቀው ሰው የሚሰጥ፤ አንዱ ለደረቅ እንጀራ፣ ለዳቦና ለእንቁላል ቅርፊት፤ የቀረው ለቆሻሻ መኪና። የቅደም ተከተሉ ኃላፊነት የእናንተ ነው። መርካቶ አጠገብ ተቀምጦ ባልዲ አጣሁ ማለት አይቻልም።